የደጋኑ ግማሽ

ኡምሀኒን መጀመሪያ ያወቅኳት በግድግዳ ነው። አቃቂ ባቡር ጣቢያ አጠገብ ቤታችን ከቤታቸው ጋር አንድ ግድግዳ ይጋራ ነበር፤ እኔም ጠዋት ጠዋት የምነቃው በእሷ ደጋን ድምፅ ነው። ጥጥ ነዳፊ ናት። ከፋብሪካ የሚወጣውን ውዳቂ ጥጥ ትገዛና የደጋኑን ጅማት እየመታች ታፍታታዋለች። ፍራሽ ሰሪዎችም ፈታዮችም ከሳሪስ ድረስ እየመጡ ይወስዱላታል። መጀመሪያ ሰሞን ድው ድው የሚለው ነገር ራሴን ቢያዞረው ሄጄ ተጣላኋት። «ምን ላድርግ፣ እንጀራዬ ነው» አለችና አንድ እቅፍ የተነደፈ ጥጥ አሸከመችኝ። ከዚያ ወዲያ እህትማማች ሆንን።

ባሏ ደርዊሽ አናጢ ነው፤ ሁለቱም የወሎ ሰዎች ናቸው። ደጋኖቿን የሚሠራላት እሱ ነበር፣ ሁልጊዜም ከአንድ ወጥ እንጨት። በ1969 ዓ.ም. ግን አሮጌው ደጋን ተሰበረና ምትክ የሚሆን ረጅም እንጨት ጠፋ። ያገኘው አጭር የወይራ የአጥር ቋሚ ብቻ ነው። እሱን ለሁለት ሰነጠቀውና ሁለቱን ግማሾች መያዣው ላይ ሊያጋጥማቸው አሰበ። የአንዱን ወፍራም ጫፍ እንደ ምላስ አሾለው፤ የሌላውን ምላሱን እንዲጎርስ እንደ አፍ ከፈተው። ሙጫ ይቀባና በእርጥብ ጅማት ይጠመጠማል፤ ጅማቱ ሲደርቅ ራሱ ያጠብቀዋል። ይህን ሁሉ የነገረችኝ እሷ ናት እንጂ ደርዊሽስ ከሰላምታ ሌላ ቃል የሚወጣው ሰው አልነበረም። እንጨቱ እስኪደርቅ ሁለቱም ግማሾች ቆጥ ላይ ተሰቀሉ። ምላስ ያለውን ገና ሊልገው ስለነበር አውርዶ አልጋ ሥር አስቀመጠው።

መጋቢት ላይ አሰሳ ሊደረግ ነው ተባለ። መሣሪያ የተገኘበት ሰው ወዮለት። መንደራችን በአንድ ቀን አበደ። እኔ ራሴ የባሌን የገብረጻድቅን የአባቱን ጎራዴ በቡትቶ ጠቅልዬ አቃቂ ወንዝ ጣልኩት፤ ስመለስ ሰላምታ የሰጠኝ ሁሉ ያየኝ እየመሰለኝ በጓሮ ዞሬ ገባሁ። ኡምሀኒም ቤቷን ስትጠርግ ያን እንጨት አልጋ ሥር አየችው። አንድ ጫፉ ወፍራም፣ ሌላው ቀጭን። ደርዊሽ ሥራ ላይ ነው። ባየችው ቁጥር የጠመንጃ ሰደፍ መሰላት። ሌላውን ግማሽ ከቆጥ አውርዶ ወደ ሥራ ይዞት የሄደ መስሏት ይህን ምድጃ ውስጥ ማገደችው። ለባሏም ትንፍሽ አላለች።

በማግስቱ አብዮት ጠባቂዎቹ መጡ። ፊት ፊት የሚሄደው ፀሐዩ የተባለው የቀበሌያችን ሊቀመንበር ነበር። ከጠባቂዎቹ አንዱ አያና ይባላል፤ የሚተኛበት ፍራሽ የኡምሀኒ ጥጥ ነው። ቆጥ ላይ ወጥቶ እንጨቱን ያወረደው ግን እሱው ነበር።

«ሰደፍ» አለ ፀሐዩ።

«ደጋን ነው ጓድ ሊቀመንበር። ጓደኛው አልጋ ሥር አለ» አለ ደርዊሽ በረጋ ድምፅ።

አልጋውን ገለበጡት። ምንም የለም። ደርዊሽ ወደ ሚስቱ ዞረ። እኔ በር ላይ ቆሜ ነበር፤ ፊቷ አመድ መሰለ። አፏ ተከፈተ፣ ቃል ግን አልወጣውም። እጁን የኋሊት አስረው ወሰዱት። እዚያ ቀበሌ ገብቶ በማግስቱ አስከሬኑ መንገድ ላይ የተገኘ ጎረቤት ስለነበረን የት እንደሚሄድ ማንም አልጠየቀም።

«አቃጥዬዋለሁ» አለችኝ እነሱ እንደራቁ።

«ታዲያ ምነው ዝም አልሽ? ምን ዘጋሽ?» ብዬ ጮኽኩባት። ወዲያው አፈርኩ፤ እኔስ ብሆን ምን ልናገር ኖሯል?

ምድጃውን በእጃችን ዛቅነው። ወይራ ቶሎ አያልቅም። ቀጭኑ ከሰል ሆኗል፤ የመያዣው ወፍራም ጫፍ ግን ጠቁሮ ከነምላሱ ወጣ። ነጠላዋ ውስጥ ደበቀችውና «ብቻዬን አልችልም፣ አሰለፈች» አለችኝ። መሄድ አልፈለግኩም። ሄድኩ።

ቀበሌው ቢሮ ውስጥ ደርዊሽ እንደታሰረ ወለሉ ላይ ተንበርክኳል። እንጨቱ ፀሐዩ ጠረጴዛ ላይ ነው። ኡምሀኒ ከነጠላዋ ያወጣችውን አጠገቡ አኖረች።

«ይኸው ጓደኛው።»

«ይሄ ከሰል ነው» አለ ፀሐዩ። «ግጠሚው እስቲ።»

ሁለቱንም አነሳች። ምላሱ ከአፉ ጋር እየተጋጨ አልገባ አለ። አንዴ ሞከረች፣ ደገመች። ከኋላዬ አንዱ ጠባቂ ሳቀ። የደርዊሽ ነፍስ እዚያች ጣቷ መሃል ነበረች።

«አዙሪው፣ ኡምሀኒ» አለ ደርዊሽ፣ ቀና ሳይል። «አብሽሪ። ገልብጠሽ አዙሪው።»

አዞረችው። ገባ። እጇን ለቀቀች፤ አልወደቀም። ፀሐዩ አንስቶ ወዘወዘው፤ አልተላቀቀም። ጣቱ ላይ የቀረውን ጥላሸት አየና ቀስ ብሎ ጠየቃት።

«ለምን አቃጠልሽው?»

«ፀረ ሕዝቦች እንዳይሰርቁት ብላ ይሆናል» አለ አያና ከጥግ።

«እሷን ነው የጠየቅኩት።»

አያና ያለውን ድገሚው፣ እሱኑ ድገሚው እያልኩ በልቤ ለመንኳት። እሷ ግን ውሸት የምታስብበት ልብ አልተረፋትም።

«ፈርቼ።»

«ማንን?»

«እርስዎን።»

ዓይኔን ጨፈንኩ። ስገልጠው ፀሐዩ ወንበሩ ላይ ተለጥጦ ፈገግ ብሏል። የሚወደው ምግብ የቀረበለት ሰው ይመስል ነበር።

«ፍቱት» አለ። ከዚያ ወደ እሷ ጎንበስ ብሎ፣ «ሂጂ። እንዲሁ እንደፈራሽ ኑሪ» አላት።

ኡምሀኒ እንጨቶቹን ታቅፋ፣ ሐዲዱን ይዘን ተመለስን። ደርዊሽ የታሰረበትን ክንዱን ያሻሻል፤ ለምን አቃጠልሽው ብሎም አልጠየቃትም። ቤት ልንደርስ ስንል እሷ ቆማ ማልቀስ ጀመረች። «እውነቱን ነው የተናገርኩት» አለችኝ። «ለምን ደስ አለው?» እጇን ይዤ ወደ ቤት አስገባኋት። ያ የፀሐዩ ፈገግታ ግን ከጎራዴው በላይ እንቅልፍ ነስቶኛል።

ደርዊሽ ለቀረው ግማሽ አዲስ ጓደኛ ጠረበለት፣ አጣበቀው፣ በጅማት ጠመጠመው። ጥሩ ደጋን ሆነ። እሷ ግን በር ዘግታ መንደፍ ጀመረች። ድው ድው ይላል፣ ውጭ ኮቴ ሲሰማ ጅማቱን በመዳፏ ትይዘዋለች። ኮቴው ሲርቅ ትቀጥላለች። እኔም ወዲህ ማዶ ግድግዳው ሥር ሆኜ አብሬያት ትንፋሼን እይዝ ነበር። ድሮ ያማረረኝ ድምፅ ሲቋረጥ የምፈራ ሆንኩ።

አንድ ቀን ከገበያ ስመለስ በራቸው አጠገብ ስደርስ የደጋኑ ድምፅ ድንገት ቀጥ አለ። ማን መጣ ብዬ ደንግጬ ዞር አልኩ። መንገዱ ላይ ከእኔ በቀር ማንም አልነበረም።