ከፈሰሱ በታች

ዝናብ ደስ የሚላቸው ሰዎች ይገርሙኛል። እኔ ገና ነጎድጓድ ስሰማ ከግድግዳ እርቃለሁ። ፈሪ ነሽ ይሉኛል፤ አዎ ነኝ። የምፈራውን ግን በዓይኔ አይቼዋለሁ።

የወላጆቼ ቤት እስቴ ውስጥ ከአንድ ተዳፋት ወገብ ላይ ነው። ከበላያችን የጎረቤታችን ማሳ አለ። በእኛ አገር ከዘር በኋላ ማሳው ላይ በማረሻ አግድም ቦይ ይቀደዳል፤ ፈሰስ እንለዋለን። የክረምቱ ውሃ ዘሩን ጠርጎ እንዳይሄድ በእሱ በኩል ወደ ዳር ይወጣል። ዳሩ ላይ ማን እንዳለ የሚጠይቅ ግን የለም። የዚያን ዓመት የጎረቤታችን ፈሰስ ያበቃው ከጓሯችን አጥር ላይ ነበር።

አባቴ ይህን ሲያይ ስንዴው በቅሎ ነበር። ተጣሉ፤ ሽማግሌ ተቀመጠ። ሽማግሌዎቹ ጥፋቱ የጎረቤታችን ነው ብለው ሲያበቁ፣ የበቀለ እህል ላይ ዶማ ማሳረፍ ነውር ስለሆነ ነገሩ እስከ አጨዳ ይቆይ አሉ። አባቴም እሺ ብሎ ተነሳ። ውሃው እስከ አጨዳ እንዲታገሥ ማን እንደሚነግረው ግን አልተወሰነም።

በዚያው ክረምት እህቴ የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ እናታችን ቤት መጥታ ሴት ልጅ ተገላግላለች። መካነ ኢየሱስ የምማርበት ትምህርት ቤት ስለተዘጋ እኔም እሷን ለማረስ ቤት ነበርኩ። አራስ ክርስትና ሳይደርስ ደጅ አትወጣም። ብርድ ይመታታል፣ ምች ያገኛታል ይባላል፤ ያልተጠመቀች ሕፃንማ ምን እንደሚያገኛት እናቴ ስሙን መጥራት እንኳ አትወድም። ስለዚህ እህቴ ከነልጇ ጓዳ ውስጥ፣ የኋላውን ግድግዳ ተደግፎ በተሠራው መደብ ላይ ትተኛ ነበር።

በፍልሰታ ጾም አንድ ከሰዓት አባቴ ቅዳሴ ሄዶ ሳለ በረዶ ጣለ። በረዶው ሲያባራ ዝናቡ ባሰበት። በቆርቆሮው ጩኸት እርስ በርስ አንሰማማም። መጀመሪያ ያየሁት ከመደቡ ሥር የሚመጣ ቀጭን ውሃ ነው። በጨርቅ አበስኩት፤ ተመልሶ መጣ። ቀና ስል የግድግዳው ምርጊት አብጧል። ብነካው ጭቃው ተላቆ መዳፌ ላይ ቀረ፤ የውስጡ እንጨት አፍጥጦ ወጣ። ከእንጨቱ ጀርባ ውሃው ሲጉረመረም ይሰማኛል።

«እማዬ፣ እናውጣቸው!»

«ወዴት? በዚህ ዝናብ? አራስ እኮ ናት!»

«ግድግዳው ሊወድቅ ነው!»

«ኧረ በእመቤቴ! ልጅቱ ክርስትና አልተነሳች፤ ደጅ ወጥታ አንድ ነገር ብትሆንስ?»

እናቴ ጨካኝ ሆና አይደለም። እንዲያውም ከእኔ በላይ ፈርታለች፤ የፈራችው ነገር ሌላ ሆኖ ነው እንጂ። ዶማ አንስቼ ወደ ላይ ሮጥኩ። «የሰው አዝመራ እንዳትነኪ!» ስትል ከኋላዬ ሰማኋት።

ጎረቤታችን ማሳው ውስጥ ነበሩ። አዛውንት ናቸው፤ ዶማቸውን ትከሻቸው ላይ እንዳደረጉ ውሃው መሃል ቆመዋል። ምን ማድረግ እንዳለባቸው ያውቃሉ፤ ፈሰሱን መሃል ላይ ደፍኖ ውሃውን በገዛ ስንዴያቸው ላይ መልቀቅ ነው። እጃቸው ግን እንቢ ብሏቸዋል።

«ይድፈኑት! አራስ አለችብን!»

«የበቀለ እኮ ነው፣ ልጄ። የበቀለ እኮ ነው» አሉኝ።

ያኔ ጠላኋቸው። ገፍቻቸው አለፍኩና እኔው መቆፈር ጀመርኩ። ትንሽ ቆይቶ የእሳቸውም ዶማ አጠገቤ ሲያርፍ ሰማሁ። እየቆፈሩ ያለቅሱ ነበር። ውሃው ተገንጥሎ ስንዴውን እያነጠፈ ሄደ።

ወዲያው ከታች አንድ ከባድ ነገር ተደረመሰ። ዞር ስል የኋላው ግድግዳችን የለም፤ ጣሪያው ወደ ጓዳው አዘንብሏል።

እንዴት እንደወረድኩ አላውቅም። አፌ እህቴን ይጣራል፤ ልቤ ግን ቀብሯት ጨርሷል። መደቡ ላይ ጭቃና እንጨት ተከምሯል። በጥፍሬ መቧጠጥ ጀመርኩ። የሕፃን ለቅሶ ሰምቼ ቀና ያልኩት ጣቶቼ ከደሙ በኋላ ነው። እህቴ በረቱ ጥግ፣ እዝናቡ ውስጥ፣ ልጇን በጋቢ ጠቅልላ ቆማለች። ከኋላዋ እናታችን አለች፤ በሩ ላይ ቆማ ብትከለክላት እህቴ ገፍታት ወጥታ ነበር።

ሕፃኗን ምንም አልነካትም፤ በቀኗ ተጠመቀች። አባቴና ጎረቤታችን ታርቀው በሚቀጥለው ዓመት ተጋግዘው አዲስ ፈሰስ ቀደዱ። ውሃውን ከቤታችን አርቆ በእኛ ማሳ በኩል ቁልቁል ይወስደዋል። ያየ ሁሉ አመሰገናቸው።

እህቴ ልጇን አዝላ ልትጠይቀን የመጣች ጊዜ ከአባታችን ጋር ፈሰሱን ተከትለን እስከ ታች ወረድን። ከድንበራችን ላይ ያበቃል። ከድንበሩ ወዲያ ባለፈው ጥር የተጋቡ ልጆች ጎጆ ወጥተዋል። ሚስትየው ነፍሰ ጡር ናት፤ ከበራፏ ሆና «ግቡ እንጂ» አለችን።

እህቴ ወደ አባታችን ዞረች። «የእኛ ውሃ እነሱ ቤት ሲደርስ ምን ይሆናል?» አለችው።

አባቴ የዶማውን ጭቃ እየፋቀ፣ «እነሱም ወደ ታች ያወርዱታላ» አላት።

እህቴ ልጇን አውርዳ ሰጠችኝና ብቻዋን ቁልቁል ሄደች። ለነፍሰ ጡሯ ምን እንዳለቻት ስትመለስ ነገረችኝ። «ከግድግዳሽ ሥር ውሃ ካየሽ፣ ማንንም ሳትጠይቂ ውጪ።»