የማይተነፍሰው ጎማ

ክሎ ሜን ያወቅኳት ፒካፕ ላይ በጀርባዬ ተኝቼ ነው። እኔ ጽሑፍ ጽፌ አላውቅም፣ ትምህርቴም ያን ያህል አይደለም። ግን ይሄን ታሪክ ሰው ሳይሰማው ከቀረ ይቆጨኛል ብዬ ጀመርኩት። ያን ቀን ሩዝ ተሸክሜ ገበያ ገብቼ ነበር። የጦር ጄት መጥቶ ቦምብ ጣለ፣ ጭኔ ውስጥ ብረት ገባ። ከዚያ የማስታውሰው መኪና ላይ ሲጭኑኝና አንዲት ሴት ከራስጌዬ ቆማ ስትሳደብ ነው። ያቺ ሴት ክሎ ሜ ነበረች። በዓይኔ ያየሁት አለ፤ ያላየሁትን ደግሞ እሷም ወንድሟም በኋላ ነግረውኛል። የእኔ ነገር ይበቃል፣ የእሷን ልናገር።

ክሎ ሜ ጎሚስታ ናት። ሥራውን ያስተማራት ባሏ ታው ሬ ነው። ሱቃቸው ከዶ ላኩ መንደር መውጫ ላይ ነበር። ታናሽ ወንድሟ ንጋ ሬ ደግሞ ቁስለኛ የሚያመላልስ ፒካፕ ይነዳል። ክሊኒኩ ከተራራው ወዲያ ነው፣ መንገዱም አንድ ብቻ ነው፤ እሱም በቀይ ገደል ሥር ያልፋል። ገደሉ ላይ እኛን የሚወጉት ወታደሮች መሽገዋል። ወታደሮቹ መንገዱ ላይ አራት ቀንድ ያለው ብረት ይበትናሉ፤ እንዴትም ብትወረውረው አንዱ ቀንዱ ወደ ላይ ነው። ጎማ ሲረግጠው ይተነፍሳል፣ ጎማ ሲተነፍስ መኪና ይቆማል፣ መኪና ሲቆም ሞርታር ይመጣል። እንግዲህ ነገሩ ይሄ ነው።

ታው ሬ የሞተው በዚሁ ነው። ገደሉ ሥር ጎማ ተነፈሰባቸውና ክሪክ ይዞ ወረደ። አንዱ ሞርታር ከፊት ወደቀ፣ አንዱ ከኋላ ወደቀ፣ መሀል የወደቀውን ታው ሬ አልሰማውም። ንጋ ሬ የተረፈውን በሩዝ ጆንያ ሰብስቦ ለእህቱ አመጣላት። የሟቹ እጅ ውስጥ የጎማ ዳዶ መፍቻው እንዳለ ነበር። ክሎ ሜ ጣቶቹን አንድ በአንድ አላቃ መፍቻውን ወሰደች።

«ባሌን የገደለው ንፋስ ነው» አለች።

«የምን ንፋስ እትዬ?» አለ ንጋ ሬ።

«ጎማ ውስጥ ያለው ነዋ! ንፋስ ባይኖረው አይተነፍስም። ባይተነፍስ አይቆምም። ባይቆም አይሞትም።»

ሰው ሐዘን አዙሯት ነው አለ። እሷ ግን ንፋስ የሌለው ጎማ እሠራለሁ ብላ ተነሳች። አንድ ባሏን መንገዱ በልቶባታል፣ አሁን የቀራት ወንድም አንድ ነው፣ እሱም በዚያው መንገድ ነው የሚመላለሰው። ሌላ ምን ታድርግ?

መንገድ ዳር ከተቃጠሉ የወታደር መኪኖች ያልነደዱትን ጎማዎች መፍታት ጀመረች። አንዱ ላይ ሾፌሩ ከሰል ሆኖ መሪውን እንደያዘ ተቀምጧል። «ይቅርታህን፣ አንተ ሰው» አለችው፣ «ጫማህን ላወልቅብህ ነው።» ጎማዎቹን በቢላ እየሸነሸነች ሌላ ጎማ ውስጥ ትጠቀጥቅ፣ በክሪክ ትጫን፣ ከቸርኬው ጋር በብሎን ትጠፍር ጀመር። ጎረቤት ይስቃል፤ «ክሎ ሜ ለበዓል ቋሊማ እየሞላች ነው!» ይሏታል። «አዎ፣ አንተን ነው የምፈጭበት» ትላለች።

ንጋ ሬ በእነዚህ ጎማዎች ቁስለኛ ጭኖ መጀመሪያ የሄደ ቀን ብረቱ ላይ ወጥተው እንደ ጠጠር አለፉት። ጥይት ጎማውን መታው፣ ጎማው ዝም! ንጋ ሬ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ ገደሉ ላይ ያሉትን ምን እንዳላቸው እዚህ መጻፍ አልችልም። ክሊኒክ ደርሶ ኋላውን ሲያይ ግን ደስታው ጠፋ። ጎማው ድንጋይ ነበር፣ መንገዱን በሙሉ ቀጥቅጧቸዋል። ሆዱ ቆስሎ በጨርቅ የታሰረው ሰው ጨርቁ ተበጥሶ፣ አንጀቱ ወለሉ ላይ ፈሶ፣ ሞቶ አገኘው።

የሟቹ ወንድም ቡ ሬ ይባላል። በማግስቱ ጠዋት ገጀራ ይዞ መጣ።

«የታለች ቋሊማ ሠሪዋ?»

«እዚህ ነኝ» አለች ክሎ ሜ፣ ከመሬት ሳትነሳ።

«ወንድሜን እንደ ሩዝ ወቀጥሽው አይደል!»

ሰነዘረ። እጇን ስታነሳ ገጀራው የግራ እጇን ሁለት ጣት ወስዶ ጎማው ውስጥ ተሰነቀረ። ነቅሎ ሊደግም ሲል ንጋ ሬ ከኋላ ደረሰና ጎማ በሚያወጡበት ብረት መንጋጋውን አለው። ጥርሱ ሲረግፍ ይሰማል። ወደቀ። ንጋ ሬ ላዩ ላይ ወጥቶ መምታቱን ቀጠለ፤ ፊቱ ፊት መሆኑ እስኪጠፋ መታው። ክሎ ሜ ደሟ እየተንዠቀዠቀ ወንድሟን በፀጉሩ ይዛ ጎተተችው።

«ተወው! ንጋ፣ ተወው እልሃለሁ! እውነቱን ነው!»

«ጣትሽን ቆርጦ ነው እውነቱ?»

«ወንድሙን ገድዬበታለሁ። እኔስ አንተን ቢገድሉብኝ ጣት ቆርጬ እመለስ ነበር?»

ንጋ ሬ ብረቱን ጣለ። ቡ ሬ መሬት ላይ ደምና ጥርስ እየተፋ እንደ ልጅ ያለቅስ ነበር።

ቁስሏ እስኪሽር ክሎ ሜ አባባ ኢ ሬ ቤት መቀመጥ አበዛች። አባባ ኢ ሬ የመንደሩ አጥንት አንባቢ ናቸው። መንገድ የሚሄድ ሰው፣ የታመመ ሰው፣ ሚስት የሚያገባ ሰው ዶሮ ይዞ ይመጣል። ያርዱና የጭኗን አጥንት ፍቀው፣ ትንንሾቹ ቀዳዳዎች ውስጥ የቀርከሃ ስንጥር ይሰካሉ። ስንጥሩ ያጋደለበትን አይተው ይናገራሉ። አንድ ቀን ክሎ ሜ አጥንቱን ተቀብላ ስታገላብጥ ቆየችና፣

«አባባ፣ ይሄ ነገር ቀዳዳ ባይኖረውስ?» አለቻቸው።

«ይከብዳላ። ዶሮዋም ስትዘል እግሯ ይሰበራል።»

የሩዝ ጠላዋን ሳትጨርስ ተነስታ ሮጠች። አባባ ኢ ሬ «ጠላ ትታ የሄደች ሴት ዛሬ አየሁ!» ብለው ቀሪውን ጠጡላት።

ጠንካራውን ጎማ ከጎን ወደ ጎን መብሳት ጀመረች። የውኃ ቧንቧ አፉን ስላ፣ ሳሙና እያስነካች፣ እያዞረች ትበሳለች። በስምንት ጣት ግን ቧንቧው ይሾልክባታል። አንድ ጠዋት ቡ ሬ መንጋጋው በጨርቅ እንደታሰረ መጣና ቧንቧውን ተቀብሏት ያዞር ጀመር። መናገር አይችልም ነበር። እሷም ጎማውን ያዘችለት። ንጋ ሬ አይቶት መሬት ላይ ምራቁን ተፋና ሄደ።

ሲያልቅ ክሎ ሜ ራሷ ፒካፑ ላይ በጀርባዋ ተኛች፣ ጠላ በሳህን ሞልታ ሆዷ ላይ አስቀመጠች። «ንዳ!» አለችው ወንድሟን፣ «ድንጋይ ድንጋዩን ያዝ!» ጎማው ድንጋይ ላይ ሲወጣ ቀዳዳዎቹ ይጨፈለቃሉ፣ ሲወርድ ይመለሳሉ። ጠላው ትንሽ አንገቷ ላይ ፈሰሰ እንጂ ሳህኑ አልተገለበጠም። ከዚያ በኋላ ንጋ ሬ በእነዚያ ጎማዎች ስንቱን አመላለሰ፣ ሰውም «የክሎ የማይተነፍሰው» እያለ ይጠራቸው ጀመር።

አሁን እኔ ወዳለሁበት ቀን መጣሁ።

ጄቱ ገበያውን ሲመታ የንጋ ሬ ሚስት ሶ ሜ እዚያው ነበረች። ነፍሰ ጡር ናት። ብረት ከጀርባዋ ገብቷል። ክሎ ሜ ሱቅ በራፍ ላይ ሟቾች ተጋድመዋል፣ ዘመዶቻቸው «እነሱንም ጫኑልን፣ አገራቸው ይቀበሩ» እያሉ ያለቅሳሉ። አንድ ሰው የራሱን ክንድ ይዞ የሚያስቀምጥበት ይፈልጋል። በዚያ ሁሉ መሀል ንጋ ሬ ዶሮ ፍለጋ ሮጠ። አጥንት ሳይነበብለት ነድቶ አያውቅም። ላባዋ የተቃጠለ ዶሮ ይዞ ለአባባ ኢ ሬ ሰጣቸው። እሳቸው ግንባራቸው እየደማ አርደው አነበቡ።

«የማይተነፍሰውን ይዛችሁ አትሂዱ» አሉ። «የማይተነፍስ ከያዛችሁ አትመለሱም።» ይሄን ብለው ራሳቸውን ስተው ወደቁ።

ንጋ ሬ ጎማዎቹን አየ።

«እትዬ፣ ፍቺያቸው።»

«ምን?»

«ሰምተሻል! የማይተነፍሰውን አሉ። የድሮዎቹን እሰሪ!»

«አብደሃል? ሚስትህ እየደማች?»

«ታው ሬ የሞተ ቀን አጥንቱ አትሂድ ብሎት ነበር፤ ስቆ ሄደ። በጆንያ ያመጣሁልሽ እኔ ነኝ፣ አንቺ አይደለሽም! ሚስቴን ከሬሳ የወለቀ ጎማ ላይ አልጭናትም!»

ገፈተራት። በጥፊ መለሰችለት። እሱ ግን ክሪኩን ሥር ከቶ መፍታት ጀምሯል፣ ሶ ሜ ደግሞ ደሟ ይፈሳል። ክሎ ሜ ሲቸኩል እንዳይዘገይ ብላ አብራው አሰረች፤ እኔ የሰማሁት ስድብ የዚያን ጊዜው ነው። ወዲያው ከተፈቱት የማይተነፍሱ ጎማዎች ሁለቱን አንስታ እኛ ወዳለንበት መጫኛ ላይ ወረወረች። አንዱ ላይ ጭንቅላቴን አስደገፈችኝ። «ይዘኸው ተኛ» አለችኝና ዘላ ጋቢና ገባች።

ቀይ ገደል ሥር ሁለቱም የፊት ጎማዎች ተነፈሱ። ድምፁን ሰማሁት። ንጋ ሬ በቸርኬ ሊነዳ ሞከረ፣ ቸርኬው አፈሩ ውስጥ ሰመጠ፣ ቆምን። ሞርታሩ ወዲያው መጣ። ድንጋይ ላያችን ላይ ዘነበ። ሶ ሜ እጄን ይዛ ነበር፤ ጥፍሯ ሥጋዬ ውስጥ ገብቷል።

እህትና ወንድም ሁለቱም ወረዱ፣ አንዱ በግራ አንዱ በቀኝ። ክሎ ሜ የባሏን መፍቻ ይዛለች። ቀኙን ጨርሳ ክሪኩን ወደ ግራ ይዛ ስትዞር አንዱ ሞርታር ከንጋ ሬ ጎን ፈነዳ። አቧራው ሲገለጥ አንድ እግሩ ከጉልበቱ በታች የለም። ቁጭ ብሎ ያየዋል።

«እትዬ» አለ፣ «ዳዶዎቹን ግን ፈትቻቸዋለሁ።»

ከተነፈሰው ጎማ ካላማደሪውን ቀድዳ ጭኑን ጠፈረችው፣ በብብቱ ይዛ ጎትታ ከሚስቱ አጠገብ ወረወረችው። ከዚያ በስምንት ጣቷ ጎማውን አገባች። ጥይት ቸርኬውን እየመታ ይፈናጠራል፣ ጆሮዋ ላይ የድንጋይ ስባሪ ተሰክቶባት ደም አንገቷ ላይ ይወርዳል፤ እሷ ዳዶ ትቆጥራለች። ጨርሳ መሪውን ያዘች።

መኪናው ሲንቀሳቀስ ከገደሉ ላይ መትረየሱ ጎማ ጎማውን ይል ጀመር። ጡ! ጡ! ጡ! ሲመታ ይሰማኛል፣ መኪናው ግን ይሄዳል። ክሎ ሜ ከፊት ሆና ትጮሃለች።

«ይተነፍሳል?»

ሶ ሜ ጆሮዋን ባሏ አፍ ላይ ለጥፋ፣ «ይተነፍሳል!» ትላለች።

ትንሽ ሄድ ይልና ንጋ ሬ ራሱ በቀጭን ድምፅ፣ «እትዬ፣ ተነፈሰ?» ይላል፤ ጎማውን ነው።

«አይተነፍስም! አንተ ብቻ ተንፍስ!»

እንዲህ እየተባባሉ ገደሉን አለፍነው።

ክሊኒክ ስንደርስ ንጋ ሬ ነጭ ሆኖ ነበር፣ ግን ይተነፍስ ነበር። ሶ ሜም ዳነች፤ ልጁ ያለጊዜው ቢወጣም አድጓል፣ አሁን ሰው ይነክሳል። ጎማውን አየሁት፣ ወንፊት ሆኗል። ክሎ ሜ «እኔ በሳሁት፣ እነሱም በሱት» አለች።

ንጋ ሬ ምርኩዝ ይዞ ወደ ሱቁ ሲመለስ አባባ ኢ ሬ ሊጠይቁት መጡ።

«አባባ፣ እግሬን የበላው እኮ የእርስዎ አጥንት ነው» አላቸው። «የማይተነፍሰውን አትያዙ ብለው፣ ጎማውን አውልቄ...»

አባባ ኢ ሬ ደነገጡ።

«ምን ጎማ? ሬሳ ነው ያልኩት! በራፍ ላይ ጫኑልን ይሉ የነበሩትን አላየህም? ከቁስለኛ ጋር ሬሳ አይጫንም፣ ይሄን ማን ያጣዋል! ዶሮ ስለ ጎማ ምን ታውቃለች?»

ንጋ ሬ መጀመሪያ ሳቀ። ከዚያ ምርኩዙን ወርውሮ የጠላውን ጋን ሰበረው፣ ወለሉ ሁሉ ጠላ ሆነ፣ ተቀምጦም አለቀሰ። ክሎ ሜ ስባሪውን እየለቀመች፣ «ወንድሜ፣ እግርህን የበላው አጥንት አይደለም፣ ጆሮህ ነው» አለችው።

አሁን የምትነዳው እሷ ናት። ንጋ ሬ ዛሬም ከመሄዷ በፊት ዶሮ ያሳርዳል፣ እሷም ሞተሩን አስነስታ ትጠብቃለች። ግን አንድ ነገር አስምላዋለች፤ አጥንቱ ስለ መንገድ ይጠየቅ እንጂ ስለ ጎማ አይጠየቅም። እሷ ስትሄድ ንጋ ሬና ቡ ሬ ፊት ለፊት ተቀምጠው ጎማ ይበሳሉ፤ አንዱ ቧንቧውን ያዞራል፣ አንዱ ሳሙና ያፈሳል። አንዱ እግር የለውም፣ አንዱ ጥርስ የለውም። ቀኑን ሙሉ ሲሰዳደቡ ይውላሉ።

እባካችሁ፣ በዚያ በኩል ካለፋችሁ ሄዳችሁ እዩአቸው። ባዶ እጃችሁን ግን አትሂዱ፤ አሮጌ የከባድ መኪና ጎማ፣ ቁራጭም ቢሆን፣ ይዛችሁ ሂዱ፣ ሳሙናም ጨምሩበት። ክሎ ሜ ብትሳደብ አትቀየሙ። ጠላም ከቀረበላችሁ ሳትጨርሱ አትነሱ፣ አባባ ኢ ሬ አጠገባችሁ ተቀምጠው ነው የሚጠብቁት።