የእትዬ ሽታዬ ዋስ

ምስጋናው ማኅበር አለው። የሚካኤል ወይም የጊዮርጊስ ማኅበር እንዳይመስላችሁ፤ ጠላም ድፎም የለበትም። የጀርመን ፕሮፌሰር፣ የኮሎምቢያ ዳኛ፣ የሕንድ ጠበቃና ሌሎችም ከየአገሩ የተጠራሩበት፣ ሕገ መንግሥት እንዴት እንደሚለወጥ የሚያጠኑ ምሁራን ማኅበር ነው። በወር አንድ ቀን በኮምፒውተር መስኮት ብቅ ብቅ እያሉ ይነጋገራሉ። ምስጋናውም መብራት ካለና ኔትወርክ ከፈቀደ፣ ደብረ ማርቆስ ቢሮው ቁጭ ብሎ ከነሱ አንዱ ነው። ሕገ መንግሥት ማስተማር ከጀመረ ብዙ ዓመቱ ነው። ተማሪዎቹ ነገር በተነሳ ቁጥር ይበተናሉ፤ ደመወዙም ወሩን አያደርሰውም። በዚያች ቀን ግን ሸሚዙን ተኩሶ ይለብሳል። ሚስቱ ምሥራቅ "ሙሽራው" እያለች ትስቅበታለች።

የማኅበሩ ሰዎች አንቀጽ ሲሻርና አንቀጽ ሲጨመር እየተከታተሉ የሚጽፉ ናቸው። ምስጋናው አንድ ቀን፣ "እኛ አገር አንቀጹን የሚነካው የለም። ፊደሉ እንዳለ ይቀመጥና ኑሮው ይለወጣል" አላቸው። ከዚያ ሰብሳቢዋ ፕሮፌሰር ሄልጋ፣ "ይህን ጻፈው፣ አብረን እናወጣዋለን" አለችው። የተያዘ ሰው በአርባ ስምንት ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቅረብ የሚለው አንቀጽ ዛሬም ቦታው ላይ ነው፤ አንዲት ነጥብ አልጎደለችበትም። የተያዙት ግን ወራት ይቆጠርባቸዋል። ምስጋናው ይህ ራሱ የሕገ መንግሥት ለውጥ ነው ብሎ ሊጽፍ ተነሳ፤ ለመጻፍ ደግሞ የሚመሰክር ሰው ያስፈልገዋል።

እትዬ ሽታዬ ሉማሜ አውቶቡስ ማቆሚያው አጠገብ ሻይ ቤት አላቸው። ምስጋናው ከገጠር እየተመላለሰ ሲማር ስንቁን የሚያስቀምጠው እሳቸው ዘንድ ነበር። ልጃቸውን ታረቀኝን፣ በአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ሰሞን፣ በመኪና የመጡ ሰዎች ከደጃፉ ወሰዱት። ከዚያ ወዲህ የት እንዳለ አልታወቀም። አንድ ቢሮ አለ፤ የትኛው እንደሆነ መናገሩ ለማንም አይጠቅምም። ያ ቢሮ በየጊዜው ይጠራቸውና፣ "ልጄ በገዛ ፈቃዱ ለሥልጠና ገብቷል ብለው ይፈርሙ፤ ያለበትን እናሳይዎታለን" ይላቸዋል። እሳቸው እንቢ እንዳሉ ነው።

ምስክርነታቸውን ሊጠይቅ የሄደው ምስጋናው የእሳቸውም የልጃቸውም ስም ጽሑፉ ላይ እንደማይወጣ ነግሮ ሊያረጋጋቸው ሞከረ።

"የኔ ስም ካልወጣ ማን አለ ሊባል ነው?" አሉት።

"የኔ ይወጣል፣ እትዬ።"

"ዋስ ጥራ።"

እዚያ አገር በሬ ሲሸጥም፣ ጠብ ሲበርድም፣ ሠራተኛ ሲቀጠርም ያለ ዋስ ነገር አያልቅም። ዋስ የሆነ ሰው የተባለው ቢቀር ራሱ ይያዛል እንጂ አላውቅም ብሎ ዞር አይልም። ምስጋናው ግራ ቀኙን ቢያይ ቤቱ ውስጥ ሻይ ከሚጠጣ አንድ የጭነት መኪና ሹፌር በቀር ሰው የለም።

"ራሴ ዋስ ነኝ" አለ። "ስሜን ከነአባቴ አደርግበታለሁ።"

ይህን ከሰሙ በኋላ ነው እትዬ ሽታዬ አፋቸውን የፈቱት። አላለቀሱም። ብርጭቆ እያጠቡ፣ የልጃቸውን ሸሚዝ ቀለም ሳይቀር ነገሩት። ከዚያ ወዲያ ቢሮው ሲጠራቸው መልሳቸው አንድ ሆነ፦ "የጻፈልኝ ሰው አለ። ዋስ አለኝ።" ይህን ብለው ሳይፈርሙ ይመለሳሉ።

ምስጋናው ጽሑፉን ላከ። በሳምንቱ ኔትወርክ ጠፋ፤ መንገድም ተዘጋ፤ ከተማው ተኩስ ሲሰማ በሩን እየዘጋ ከረመ። ኔትወርኩ ሲመለስ መጀመሪያ የከፈተው ኢሜይሉን ነበር። ጽሑፉ ታትሟል። የሄልጋ ስም ከላይ አለ፤ ከሥሩ ደግሞ፣ "ስሙ ለደኅንነቱ ሲባል ያልተጠቀሰ የአካባቢው ተመራማሪ" ይላል።

ሄልጋ ረዘም ያለ ደብዳቤ ጽፋለታለች። የጎጃምን ነገር በዜና ሰምተው ደነገጡ፤ ደውለው ደውለው አጡት፤ የኅትመቱ ቀን ደረሰ፤ በአስቸኳይ ተሰብስበው ስሙ ይውጣ አይውጣ በሚለው ላይ ድምፅ ሰጡ። አይውጣ ያላለ አንድም አልነበረም። ሰዎቹ ክፉ አይደሉም። ክፉ ቢሆኑማ ተሳድቦ ይገላገል ነበር።

እውነቱን ለመናገር፣ መጀመሪያ ሲያነበው ደረቱን ቀለል ብሎት ነበር። አሁንም የሚጠላው ያችን ቅጽበት ነው።

ወዲያው መልስ ጻፈ። ስሜን መልሱልኝ፤ ቃል ገብቼበታለሁ፤ በጠራራ ፀሐይ ሰው እየጠየቅሁ ነው የሠራሁት፤ መጻፌን የማያውቅ እዚህ የለም አላቸው። መልሳቸው ዘገየ። ለደኅንነት የተደበቀ ስም ሁኔታው እስኪሻሻል አይመለስም፤ ደንቡ እንዲህ ነው፤ ደምህን በእጃችን አንሸከምም፤ በብዙ ፍቅር፣ ይላል። እስኪሻሻል የሚጠበቀው ሁኔታ ራሱ እሱ የጻፈበት ሁኔታ ነው።

"ደግ አደረጉ" አለች ምሥራቅ። "ስምህ ጀርመን አገር ቢጻፍ ለልጆቻችን ምን ያደርግላቸዋል? አንተን ነው የሚፈልጉ።" ልክ ናት።

በቀጣዩ ስብሰባ የኮሎምቢያው ዳኛ "የሄልጋ የጎጃም ጥናት" እያለ አሞገሰ። ሄልጋ አንገቷን እየነቀነቀች "የኔ ብቻ አይደለም" ብላ ጀመረችና፣ ስብሰባው እየተቀዳ መሆኑ ትዝ ሲላት ተወችው። ሁሉም በየመስኮታቸው ሆነው ወደ እሱ ፈገግ አሉ። እሱም ፈገግ አለ። ምን ያድርግ?

መንገዱ ሲከፈት ጽሑፉን በወረቀት አውጥቶ ሉማሜ ወረደ። እትዬ ሽታዬ እጃቸውን በነጠላቸው ጫፍ አደራርቀው ወረቀቱን ተቀበሉ። በእንግሊዝኛ ነው፤ አያነቡትም።

"የቱ ጋ ነህ?"

ጣቱን መስመሩ ላይ አሳረፈ።

"ይሄ ነው ስምህ?"

"አይደለም። ስሜን አስቀርተውታል።"

"እነማን?"

"ጓደኞቼ። ለእኔ አስበው ነው።"

ወረቀቱን አጥፈው መለሱለት። ቢቆጡት፣ ቢረግሙት በወደደ።

"ታዲያ ዋሴ ማን ነው?" አሉት ቀስ ብለው። ሻይ ቀዱለትና ፊት ለፊቱ ተቀመጡ። "እግሬ አብጧል፤ ልቤም እየደከመ ነው። ልጄን ሳላየው እሞታለሁ ብዬ ፈራሁ። ልፈርም?"

ምስጋናው በየዓመቱ መብት በእናት ፊርማ አይወርድም እያለ ያስተምራል። አንቀጹን ከነቁጥሩ ያውቀዋል። ያን ፊርማ ካስቀመጡ ታረቀኝ ተይዞ አያውቅም ማለት እንደሆነም ያውቃል። የአሮጊቷን እግር አየ።

"ይፈርሙ" አለ።

"ምስክር አምጪ ይላሉ። ሰዉ ሁሉ ስሙን ይፈራል፤ ለምኜ ለምኜ እሺ ያለኝ የለም።"

ዋስ ነኝ ብለህ አልነበረም ወይ አላሉትም። ብርጭቆውን አንስተው ወደ ጓዳ ገቡ።

በማግሥቱ ጠዋት አብረው ሄዱ። ቢሮው ውስጥ ያለው ወጣት ትሑት ነበር፤ ለእትዬ ሽታዬ ወንበር አቀረበላቸው። "ልጄ ታረቀኝ በገዛ ፈቃዱ ለሥልጠና መግባቱን አረጋግጣለሁ" የሚለውን ጮክ ብሎ አነበበላቸው። ፈረሙ። መቼ እንደሚያሳዩአቸው ቢጠይቁት፣ "እናስታውቅዎታለን" አላቸው። ከዚያ ወረቀቱን ወደ ምስጋናው ገፋ አደረገው።

"ምስክር እዚህ ጋ። ሙሉ ስም ከነአያት፤ የሚነበብ ይሁን።"

ምስጋናው ጻፈ። ወጣቱ ወረቀቱን ቀና አድርጎ ይዞ አነበበ፦ "ምስጋናው አካለ ወልድ ኃይለ ሚካኤል። ልክ ነው?"

"ልክ ነው" አለ ምስጋናው።