ስድስት ኪሎ ደርሰናል

ባለፈው ሳምንት ልጄ ዮናስ ስልኩን አፍንጫዬ ሥር ደቅኖ፣ «ማሚ፣ የቱን ልዘዝ? ባለ ስምንት ኪሎውን ወይስ ባለ አምስቱን?» አለኝ። ከመገናኛ አባዶ ድረስ በታክሲ ተጋፍቼ መጥቼ፣ የኮንዶሚኒየሙን ደረጃ ወጥቼ፣ ገና ጫማዬን እንኳ አላወለቅኩም ነበር። ስልኩ ላይ ያለው የመኪና ሞላ ነው፤ ከአሞርዛተሩ ጋር አንድ ላይ የተሠራ፣ ከፍታው የሚስተካከል፣ ልጆቹ ኮይሎቨር የሚሉት። የዮናስ መኪና አሁንም ቢሆን ሞላዋ ተቆርጦ መሬት ልትስም ምንም አልቀራት። እሁድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመልሰኝ፣ እኔ ኮብልስቶኑ መጀመሪያ ላይ ዳቦ ልገዛ ስወርድ፣ የሠፈሩ ጎረምሶች ከበው ያደንቁለታል።

«ኧረ ልተንፍስ» አልኩት። ግን «ኪሎ» የምትለዋ ቃል ሳቄን አመጣችው። ከሳቁ ኋላ ደግሞ አባቴ ትዝ አለኝ።

ያኔ የምንኖረው ፈረንሳይ ለጋሲዮን ነበር። ታላቅ ወንድሜ ሰለሞን፣ እኛ ሶል የምንለው፣ አንዲት ያገለገለች የጃፓን ስፖርት መኪና ነበረችው። እንደ ደንበኛ የቤተሰብ መኪና አራት በር አላት፤ ሞተሯ ግን ቤተሰብ የሚባል ነገር አያውቅም። አባባ ጡረተኛ ነው፣ ወገቡን ክፉኛ ያመዋል። ሐኪሞቹና እሱ ተሰላችተው ከተለያዩ በኋላ ተስፋው እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ጠበል ብቻ ሆነ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ሶል ይዞት ይወጣል። የመኪናዋ ሞላዎች ግን ደክመው ስለነበር መታጠፊያ በመጣ ቁጥር አባባ እንደ ጆንያ ወዲያና ወዲህ ይንገላታል። ሞላ መቀየር የግድ ሆነ። ዱባይ የሚኖረው የአክስታችን ልጅ ሳምሶን ለእረፍት ሲመጣ ሊያመጣልን ቃል ገባ።

የስንት ኪሎ ይሁን በሚለው ላይ ሶልና እኔ ምሳ በቀረበ ቁጥር እንጣላ ነበር። ኪሎው ሞላውን አንዲት ሚሊሜትር ለመጫን የሚያስፈልገው ክብደት ነው። ቁጥሩ ሲጨምር ሞላው ይጠነክራል፤ መኪናዋ ስትታጠፍ አትዘነበልም፣ የጉድጓዱ ምት ግን በቀጥታ ወገብ ላይ ያርፋል። ሶል ሰባት ይላል፣ እኔ ሦስት። እናታችን ሰልችቷት፣ «ሽንኩርት ነው እንዴ የምትገዙት?» ትለናለች። በመጨረሻ ለአባባ ወገብ ሲባል አራት ላይ ተስማማን።

ሳምሶን የደወለው እኔና ሶል በታክሲ ወደ ፒያሳ ስንወርድ ነው። ረዳቱ ይጮሃል፣ ኔትወርኩ ይቆራረጣል።

«እህ፣ የት ደረሳችሁ?» አለው ሳምሶን። ምን ወሰናችሁ ማለቱ ነበር።

ሶል በመስኮት ወደ ውጭ አየና፣ «ስድስት ኪሎ ደርሰናል!» ብሎ ጮኸ።

«ስድስት ኪሎ? እርግጠኛ ናችሁ?»

«ስድስት ኪሎ አልኩህ!»

መስመሩ ተቆረጠ። ሶል ስልኩን ኪሱ እየከተተ፣ «እኔ ስድስት ኪሎ መድረሴ ምኑ ነው የገረመው?» አለኝ።

ሳምሶን በነሐሴ መጣ። ካርቶኑ ሲከፈት አራቱም ሞላዎች ላይ ስድስት ቁጥር ተጽፏል። ነገሩ እስኪገባን ትንሽ ቆየን፤ ከዚያ ሶል መሬት ላይ ተቀምጦ ሳቀ። አባባ ደግሞ እንባውን እየጠረገ፣ «እንኳን አሥራ ስምንት ማዞሪያ ሳትደርሱ ደወለ!» አለ። ዱባይ መልሶ መላክ የማይታሰብ ነበር፤ ሶልም የልቡ ደርሷልና ብዙ አላዘነም። ተገጠመ።

በመጀመሪያው ቅዳሜ ከሽሮ ሜዳ ሽቅብ ስንወጣ መኪናዋ ከአስፋልቱ ጋር የተሰፋች ትመስል ነበር። ዝናቡ አባርቶ የባሕር ዛፉ ሽታ በመስኮት ይገባል። አባባ ጋቢና ተቀምጦ፣ «ጎሽ ልጄ!» ይላል፤ የሶል ፊት በርቷል። እንጦጦ ማርያምን አልፈን ወደ ኪዳነ ምሕረት የሚወስደው ኮረኮንች ላይ ስንደርስ ግን ከኋላ የተቀመጥኩት የእኔ ጥርስ ተንገጫገጨ።

«ተመቸህ አባባ?» አለ ሶል።

«በጣም እንጂ!» አለ። ጥቂት እንደሄድን ግን፣ «እዚህ ጋ አውርደኝ። እስከ ዛሬ አጥፍቻለሁ፤ የእመቤቴ ደጅ በመኪና ይኬዳል እንዴ? ከዚህ ወዲያ በእግሬ ሄጄ እሳለማለሁ» አለ።

ከዚያ በኋላ ቅዳሜ ቅዳሜ እዚያው ቦታ ይወርድ ጀመር። እናቴ የፍልሰታ ጾም አበረታው ብላ አመሰገነች። እኛም አመንን።

አንድ ቅዳሜ የጠበሉን ጀሪካን መኪና ውስጥ ረስቶ ሄደ። ይዤ ተከተልኩት። ከመታጠፊያው አለፍ ብሎ የተቆረጠ ባሕር ዛፍ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። በዚያ ብርድ ግንባሩ አልቦታል፣ ሁለት እጁ ወገቡ ላይ ነው።

«አባባ፣ ሞላው ነው አይደል?»

ሊነሳ ሞከረና አቃተው። «ዝም በይ። ልጁ ሲነዳ ፊቱን አይተሽዋል? እንዲህ ደስ ብሎት አይቼው አላውቅም።»

«ወገብህስ?»

«ወገቤማ ከመኪናውም በፊት ያመኝ ነበር። ልጄ፣ ሁሉ አይሞላም። እንዳትነግሪው።»

አልነገርኩትም። ክንዴን ተደግፎ ቀስ እያልን ወጣን። ስንመለስ ከመንገድ ዳር የበቆሎ እሸት ጥብስ ገዛ፤ ደህናውን መርጦ ለሶል ሰጠው። በዓመቱ በእግርም በመኪናም መውጣት አቃተው፣ ጠበሉም በጀሪካን እቤት ድረስ ይመጣለት ጀመር። ሳስበው ያሳዝነኛል፤ እውነቱን ለመናገር ያናድደኛልም። ልጆቹ የሚያዝኑበትን ሁሉ አንድ በአንድ እየደበቀ፣ እኛ ሳናውቀው ስንጎዳው ኖርን። እንዲህ ያለ ፍቅር ሰጪውንም ተቀባዩንም ያደክማል።

ይህን ሁሉ ለዮናስ ነገርኩት። ስድስት ኪሎው ላይ እንደ አያቱ እንባው እስኪመጣ ሳቀ።

«ታዲያ የቱን ልዘዝ?» አለኝ።

«ደስ ያለህን። ለእኔ አታስብ፣ ሁሉም ይመቸኛል።»

ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና ትክ ብሎ አየኝ።

«ማሚ» አለ፣ «ዳቦ ቤት እኮ እዚሁ ከብሎካችን ሥርም አለ። ኮብልስቶኑ ጋ ለምንድነው የምትወርጂው?»

እጄ ወገቤ ላይ ነበር። መቼ እንዳሳረፍኩት አላውቅም።

«ባለ አምስቱን እዘዝ» አልኩት።