በሎሚ የታጠበ ጩቤ

ባሌን መሕሙድን የማያውቅ የሰኞ ገበያ ሰው የለም። ሥራው ቢላ መሳል ነው፤ ስሙን ያስጠራው ግን አሮጌ የጦር ጩቤ መለየቱ ነው። ኮምቦልቻ ጋራዥ ውስጥ የመኪና ባሌስትራ ቀጥቅጠው፣ ጨው ውስጥ ቀብረው አዝገው፣ "የጥልያን ጄኔራል ነው" ብለው የሚያመጡለትስ ስንቱ! አገላብጦ ያየዋል፣ ያሸተዋል፣ "ውሸት ነው" ብሎ ይመልሳል። ባለቤቱ ተቆጥቶ ይሄዳል። እውነቱን ንገረኝ የሚል ሞልቷል፤ ሲነገረው የሚወድ የት አለ?

እውነተኛውም ቢሆን በሎሚና በአመድ ተፈትጎ ነው የሚመጣው። የቆሸሸ ነገር ለአዋቂ ማሳየት ነውር ነዋ! "ዝገቱ ዕድሜው ነው፣ አትንኩት" እያለ አፉ ደረቀ፤ ማን ሰምቶት! ማታ "ጣይባ፣ ደከመኝ" እያለ ይገባል። "ታዲያ አትተወውም!" እለዋለሁ። ጠዋት ተመልሶ ይሄዳል።

ባለፈው ጥቅምት ጋሽ ወልደ ሚካኤል የሚባሉ ሽማግሌ ከሐርቡ መጡ። ምሳ ላደርስለት ሄጄ እዚያው ነበርኩ። የልጃቸው ልጅ እየሩስ ታጭታለች፤ የእጮኛዋ ወገኖች ዘር ሲቆጥሩ "ቅድመ አያቷ ባንዳ ነበር" የሚል ወሬ ሰምተው ወደ ኋላ ብለዋል።

"አባቴ አባይ ይህን ጩቤ ከጥልያን መኮንን ነው የማረከው" አሉ ሽማግሌው። "መሕሙድ እውነተኛ ነው ካለ እናምናለን ብለውኛል።" ጨርቁን ሲፈቱት ጩቤው አብረቀረቀ። "ከምራቴ ጋር ስንፈትገው ዋልን" አሉ፣ ደስ ብሏቸው።

መሕሙድ መነጽሩን አድርጎ አየው፤ ወደ ብርሃን አዙሮ ደግሞ አየው።

"ምነው ልጄ፣ ውሸት ነው?"

"የለም ጋሼ፣ እውነተኛ ነው። ግን ዝገቱ ሲለቅ ጽሕፈት ወጥቷል።"

"ምን ይላል?"

"ይቅርብዎ።"

"በፈጠረህ!"

"በጥልያን ፊደል የአባትዎ ስም ነው። አባይ ይላል። ስለ ታማኝነቱ የተሰጠው ይላል።"

ሽማግሌው አልጮኹም። "ስሙን አሳምረው ጽፈውታል?" ብለው ጠየቁ። መሕሙድ አዎ አላቸው። ይሄኔ እንባቸው ወረደ። "እየሩስ ምን አጠፋች? ፋቅልኝ ልጄ።"

መሕሙድ ወደኔ ዞረ።

"ምን ታየኛለህ? የልጅቷን ዕድል የሙት ስም ይዝጋው?" አልኩት።

ሞረዱን አነሳ። ሰው ሎሚ ሲያስነካ እንኳ የሚያመው ሰውዬ፣ ስሙ እስኪጠፋ ፋቀው። አዘንኩለት።

በማግስቱም ምሳ ይዤለት ሄጄ ሳለ የሙሽራው ሽማግሌዎች ጩቤውን ከጋሽ ወልደ ሚካኤል ተቀብለው መጡ።

"እውነተኛ ነው?"

"የጥልያን ነው።"

"ማልልን!"

"ወላሂ፣ የጥልያን ነው።"

አንደኛው የተፋቀውን ቦታ በጣቱ ዳሰሰ። "ይሄስ?"

መሕሙድ መነጽሩን አወለቀ። ያኔ ሌላኛው ሽማግሌ ሳቀና፣ "ምን ይጠየቃል! አባይ የመኮንኑን ስም ፍቆ ጥሎታል። ወንድ ማለት ይሄ ነው!" አለ። ሁሉም አመኑ፤ መርቀውን ሄዱ። ምርቃታቸውን አሜን ያልኩት እኔ ነኝ።

ሰርጉ አማረ አሉ። ተጠርተን ነበር፤ እሱ አልሄድም አለ። ከዚያ ወዲህ ጩቤ ሲያመጡለት ጨርቁን እንኳ ሳያስፈታ "አላውቅም" ይላል። ሰዉ አረጀ ይለዋል። እኔም አረጀ እላለሁ።