በሲሶ የሰፋው ጥለት

ሥራ የጀመርኩ ቀን አለቃዬ ጋሼ ደረጀ ያሳየኝ የካሴት ማጫወቻውን፣ ከኮምፒውተሩ ጋር የሚያገናኘውን ገመድና ምስሉን ስክሪን ሙሉ የሚያደርገውን ምርጫ ነው። ሱቁ ከሽሮ ሜዳ ታክሲ ተራ ትንሽ ዝቅ ብሎ ነበር። የድሮ የሠርግ ቪዲዮ ካሴት ወደ ፍላሽ እንገለብጥ ነበር።

"ደንበኛ ዳርና ዳሩን ጥቁር ካየ ይጮኻል። ሁሌም ይቺን ትጫኛለሽ" አለኝ።

"ሰው አይወፍርም?"

"ሠርግ ላይ ያልወፈረ ማን አለ!" ብሎ ሳቀ። ያን ሳቅ ሳስታውስ እስከ ዛሬ ደሜ ይፈላል።

ለጀማሪዎች ነገሩን ላስረዳ። የድሮ ካሜራ የሚቀርጸው ምስል አራት በሦስት ነው፤ ወርዱ አራት እጅ ቢሆን ቁመቱ ሦስት ነው። የዛሬ ቲቪ አሥራ ስድስት በዘጠኝ ስለሆነ ወደ ጎን ይሰፋል። አሮጌውን በአዲሱ ላይ ስታስቀምጡ ወይ ግራና ቀኙን ጥቁር ትተዋላችሁ፣ ወይ ከላይና ከታች ትቆርጣላችሁ፣ ወይ ወደ ጎን ትለጥጣላችሁ። ከቆረጣችሁ የሰው አናት ይሄዳል። ከለጠጣችሁ ሁሉም ነገር በሲሶ ይሰፋል፤ የሙሽራ መኪና ጎማ እንኳ እንቁላል ይመስላል።

ደንበኞቹም ያናድዱ ነበር። አንድ ቀን ሳልለጥጥ የገለበጥኩለት ሰውዬ ከቀጨኔ ድረስ ፍላሹን ይዞ ተመልሶ "እኔ ሙሉ ቲቪ ነው የገዛሁት፤ ምነው ዳር ዳሩን በላችሁት?" ብሎ ጮኸብኝ። ምንም እንዳልተበላ፣ ካሴቱ ላይ ያለው ያ ብቻ እንደሆነ ባስረዳው ባስረዳው ውኃ ቢወቅጡት እንቦጭ ሆነ። ጋሼ ደረጀ ከኋላዬ መጥቶ ለጠጠለት። ሰውዬው መርቆት ሄደ።

ከዚያ ትዕግሥት መጣች። እናቷ የሞተችው እሷ ሕፃን ሳለች ነው። የእናቷን የሠርግ ቀሚስ ክረምት ላይ ቤታቸው የገባ ጎርፍ አበላሽቶታል፤ ካሴቱ አክስቷ ቤት ስለነበር ተረፈ። አሁን ልታገባ ነው፤ የምትፈልገውም ያንኑ ቀሚስ ነው።

"ጋሽ አንጁሎ ጥለቱን አይተው ይሠሩልኛል። ጥርት አድርገሽ አውጪልኝ፣ እሺ?" አለችኝ። ጋሽ አንጁሎ የሰፈሩ አንጋፋ ሸማኔ ናቸው።

ካሴቱን በልኩ ገለበጥኩት፤ ጥቁሩንም ተውኩት። ጥለቱ ከደረት እስከ ጫፍ የሚወርድ ሆኖ ረዘም ያሉ ቀጫጭን የአልማዝ ቅርጾች ነበሩት። ጋሼ ደረጀ የሱቁ ቲቪ ላይ አየው።

"ምንድን ነው ይሄ መጋረጃ?"

"ጋሼ፣ ይሄ እኮ ለሸማኔ ነው። ከተለጠጠ ጥለቱ ይበላሻል።"

"ሸማኔ ሥራውን ያውቃል፤ አንቺም የራስሽን ሥሪ!"

እኔን አስነስቶ ወንበሬ ላይ ተቀመጠና ለጥጦ ገለበጠው። የእኔን ፋይል ሰረዘው። ምሳ በልቼ ስመለስ ትዕግሥት ፍላሹን ወስዳለች። ስልክ ቁጥሯን ጋሼ ደረጀን ስጠይቀው "ነገር አትፈልጊ" አለኝ።

ሠርጉ ሊደርስ ሲል ትዕግሥት፣ አክስቷና ጋሽ አንጁሎ አብረው መጡ። አክስቷ አዲሱን ቀሚስ ጠረጴዛው ላይ ዘረጉት።

"እህቴን ያለበስኳት እኔ ነኝ። ይሄ የእሷ ጥለት አይደለም!"

"እኔ ያየሁትን ነው የሠራሁት" አሉ ጋሽ አንጁሎ ፊታቸው ተለዋውጦ። "ክፈተው እስቲ!"

ፍላሹ ተከፈተ። ቀሚሱን አንስተው ከስክሪኑ ጎን ያዙት። አልማዙ ተደፍጥጦ፣ ጥለቱ ሰፍቶ፣ ቁርጥ ስክሪኑ ላይ እንዳለው ነው።

"የቲቪው ችግር ነው" አለ ጋሼ ደረጀ።

ከዚያ በኋላ ዝም ማለት አልቻልኩም። "የቲቪው አይደለም፣ ያንተ ነው! ነግሬሃለሁ!" ብዬ ያንኑ ፋይል መጠኑን ወደ አራት በሦስት መልሼ ከፈትኩት። የአንድ ቁልፍ ሥራ ነው። አልማዞቹ ቀጠኑ።

"ይኸው!" አሉ አክስቷ።

ትዕግሥት ጥለቱን አላየችም። ስክሪኑ ላይ ወዳለው የእናቷ ፊት ተጠጋች።

"እትዬ፣ እኔን ነው እንዴ የምትመስለው?"

"ድሮስ! ስንቴ ነገርኩሽ?"

"ቤት ሳያት እኮ... ምንም አልመስላትም ነበር" አለችና አለቀሰች።

ጋሽ አንጁሎ ቀሚሱን አጣጠፉት። ሌላ ለመሥራት ጊዜ እንደማይበቃ ቀስ ብለው ነገሯት። ጋሼ ደረጀ አዲስ ኮፒ በነፃ እሠራልሻለሁ አለ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ! እኔም ያን ቀን ሥራውን ለቀቅኩ።

ትዕግሥት በዚያው ቀሚስ አገባች። የሠርጓን ቪዲዮ አሳይታኛለች። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነጠላዋን ደረቷ ላይ ሰብስባ፣ ጥለቱን ሸፍና ነው የምትታየው።

ቪዲዮ ስትገለብጡ መጀመሪያ የተቀረጸበትን መጠን እዩ፤ በዚያው መጠን አስቀምጡት። ደንበኛ ቢቆጣ ይቆጣ።