ያልገባችበት ክፍል

ተማሪዎቿ ከኋላዋ «ኮምፓስ» ይሏታል። ያለ ምንም መሣሪያ፣ እጇን አንዴ ብቻ አዙራ፣ ሰሌዳው ላይ እንከን የማይወጣለት ክብ ስለምትሠራ ነው። ሃያ ስድስት ዓመት ሒሳብ አስተምራለች፤ የሒሳብ ትምህርት ክፍል ኃላፊም ናት። ቅጽል ስሙንም እንደ ስድብ ሳይሆን እንደ ማዕረግ ነው የምትቆጥረው፤ ባሏ ሳይቀር ሊያበሽቃት ሲፈልግ በዚሁ ይጠራታል።

ያን ዓመት ርእሰ መምህሩ ቢሮው ጠርቶ አንዲት ጀማሪ መምህርት አስረከባት። ልጅቷ ከኮሌጅ ከወጣች ሁለት ወሯ ነበር። የመጀመሪያው ዓመት የሙከራ ጊዜዋ ነው፤ ኮምፓስ ደግሞ አማካሪዋ። በየወሩ አንድ ቀን ክፍሏ ገብታ፣ ከኋላ ተቀምጣ ታያለች፤ ያየችውን ቅጹ ላይ ትጽፋለች፤ ከዚያ ሁለቱ ቁጭ ብለው ይነጋገራሉ። በቃ፣ ሥራው ይኸው ነበር።

የመጀመሪያው ወር ፈተና ስታርም አለፈ። ቅጹ ሲጠየቅ ክፍሏ ሳትገባ መምህራን ማረፊያ ተቀምጣ ሞላችው። «ዝግጅቷ ጥሩ ነው። ክፍል አያያዟ እየተሻሻለ ነው።» ሁለተኛው ወር ላይ ትንሽ አፈረች። ከሦስተኛው በኋላ እጇ ለመደ።

ክፉ ሆና አይደለም። እሷ ሥራ ስትጀምር ጠመኔ አስይዘው ሰባ ልጅ ፊት ያቆሟት ሰዎች ዳግመኛ ዞር ብለው አላዩአትም። «እኔንስ ማን ደገፈኝ?» ትል ነበር ለራሷ። «እየተንገዳገድኩ ለመድኩት። እሷም ትለምደዋለች።»

ልጅቷ ግን አልለመደችውም። ሰባተኛ «ለ» ክፍል አላስቆም አላስቀምጥ አላት። ጀርባዋን ሰጥታ ስትጽፍ ተማሪዎቹ አፋቸውን ገጥመው «ህምም» ይላሉ፤ ዞር ስትል ሁሉም ጸጥ። አንድ ቀን ኮሪደሩ ላይ ኮምፓስን አስቆመቻት።

«እትዬ፣ ሰባተኛ ‹ለ› አንድ ቀን ገብተው ቢያዩልኝ። የማጠፋው ነገር ሳይኖር አይቀርም፤ ምን እንደሆነ ነው ያልገባኝ።»

«እመጣለሁ የኔ ልጅ።»

«ማክሰኞ ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ይመችዎታል?»

«ይመቸኛል።»

ማክሰኞ ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ ኮምፓስ ማረፊያው ውስጥ ሻይዋን ይዛ ስለሚያፈስ ጣሪያዋ እያወራች ነበር። ልጅቷ ከኋላ በኩል አንድ ወንበር ወልውላ አስቀምጣላት እንደነበር የሰማችው ቆይታ ነው።

በስድስተኛው ወር መጨረሻ ከትምህርት ቢሮ የመጡ ገምጋሚዎች ሳይታሰብ ሰባተኛ «ለ» ገቡ። ክፍሉ እነሱም እያሉ አላረፈም። ልጅቷ ጠመኔዋን አስቀምጣ ደወሉ ሳይደወል ክፍሉን ጥላ ወጣች።

በማግስቱ ኮምፓስና ልጅቷ ርእሰ መምህሩ ቢሮ ተቀመጡ። ሰውየው ስድስቱን ቅጾች ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ።

«ስድስት ጊዜ ታይታ፣ ስድስት ጊዜ ተመክራለች ይላል» አለ። «ይህን ያህል ተደግፋ ካልቻለች ችግሩ የራሷ ነው ማለት ነው። ልናሰናብታት ነው። መምህርት፣ እርስዎ ምን ይላሉ?»

ልጅቷ ቅጾቹን አንድ በአንድ አነበበች። ስለ ራሷ የተጻፈውን ስታይ የመጀመሪያዋ ነው። አንብባ ስትጨርስ ቀና ብላ ኮምፓስን አየቻት። አንድ ቃል አልተናገረችም።

«ትንሽ ጊዜ ቢሰጣት» አለች ኮምፓስ።

ባሏ ልብስ ሰፊ ነው። ማታ ያመጣችውን ወሬ ሲሰማ እግሩን ከስፌት መኪናው መርገጫ ላይ አነሣ።

«ልጅቷ ለምን ዝም አለች?»

«እኔ እንጃ። አክብራኝ ይመስለኛል።»

«እሱ ነው የከፋው» አለና ወደ ስፌቱ ተመለሰ። ሊያጽናናት አልሞከረም፤ እሷም መጽናናት አልፈለገችም።

ሦስት ቀን አለፈ። ሰሌዳ ላይ ተራ ማካፈል ተሳሳተችና ተማሪ አረማት። በአራተኛው ቀን ጠዋት፣ ደወል ሳይደወል፣ ርእሰ መምህሩ ቢሮ ገባች።

«እነዚያ ቅጾች ውሸት ናቸው። አንድም ቀን ክፍሏ አልገባሁም።»

ሰውየው መነጽሩን አወለቀ። «ስድስቱም?»

«ስድስቱም።»

«ይህን በጽሑፍ ይሰጡኛል?»

«ጽፌ ነው የመጣሁት።»

የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደረሳት፤ ከትምህርት ክፍል ኃላፊነቷም ተነሣች። ለልጅቷ ስድስት ወር ተጨመረላት፤ የፊዚክሱ መምህርም አዲስ አማካሪዋ ሆነ። እሱ ገና በመጀመሪያው ቀን ነገሩን አየው። ልጅቷ የምታወራው ከሰሌዳው ጋር ነበር፤ እየጻፈች ትናገራለች፣ ከሦስተኛው ረድፍ ወዲያ ያለ ልጅ አይሰማትም። ሰሌዳ ላይ የምትጽፋቸውን ጥያቄዎች አስቀድማ በወረቀት እንድታዘጋጅ ነገራት፤ ወንበሮቹን ገፋ ገፋ አድርጎም መሐል ለመሐል መሄጃ ከፈተላት። በሁለት ሳምንት ውስጥ «ህምም» ማለቱ ጠፋ። ኮምፓስን ከደብዳቤው ይልቅ ያንገበገባት ይኸ ነው። አሥር ደቂቃ ብትቀመጥ ኖሮ ይህን ሳታየው አትቀርም ነበር።

ይቅርታ ልትጠይቃት ስትሄድ ልጅቷን ደብተር ስታርም አገኘቻት።

«በድዬሻለሁ ልጄ።»

ልጅቷ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «ያን ማክሰኞ በሩን በሩን እያየሁ ነው ያስተማርኩት» አለች ቀስ ብላ። እስክሪብቶዋን መልሳ እያነሣች ጨመረች፦ «እንግዲህ አልፏል፣ እትዬ።»

የሙከራ ጊዜዋን አለፈች፤ ዛሬም እዚያው ታስተምራለች። ኮምፓስ ማረፊያው በገባች ቁጥር ልጅቷ ከመቀመጫዋ ብድግ ትላለች። ኮምፓስም «ኧረ ተቀመጪ» እያለች፣ ዐይኗን ሳታነሣ፣ ጥግ ያለው ወንበር ላይ ሄዳ ትቀመጣለች።